በረዶ ላይ የቆሙ ወታደሮች፦ ይህን የጃፓን ህትመት እንዴት ታዩታላችሁ?

የማለዳ ጤዛ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲያትል ነው። ሰፈራችን አንድ ያርድ ሴል ላይ መስታወት ክፈፍ ውስጥ የገባ የጃፓን የእንጨት ህትመት (ከተቀረጸ እንጨት ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል) አገኘሁና ገዛሁት። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አልቻልኩም። ስለ ጃፓን ሥዕል የማውቀው ትንሽ ነው። የምታውቁ ሰዎች አብራችሁኝ እንድታዩት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ፎቶ ሳነሳው መስታወቱ ያንጸባርቃል። ስለዚህ በቃል ልንገራችሁ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ወረቀቶች ናቸው። ሥዕሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀጥላል። አንዱ ወረቀት 37 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጊዜው ሌሊት ነው። ሰማዩ ከላይ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች እየሳሳ ግራጫማ ሰማያዊ ይሆናል። መሬቱ በሙሉ በረዶ ለብሷል። በግራው ወረቀት ላይ ሁለት ዘቦች ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ቆብ ያለው ረጅም ካፖርት ለብሰዋል። ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተዋል። ከፊታቸው ምንም የለም። በረዶው አለ፣ ከሩቅ ደግሞ የኮረብታ ጥላ ይታያል፣ በቃ።

በቀኙ ወረቀት ላይ አምስት ወይም ስድስት ወታደሮች እሳት ከበው ተቀምጠዋል። እሳቱን ራሱን አናየውም። የአንዱ ሰው ጀርባ ከልሎታል። የምናየው ብርሃኑን ነው። በጉንጫቸውና በካፖርታቸው ጠርዝ ላይ ቀልቶ ይታያል፣ በረዶው ላይም ፈስሷል።

ጠላት የለም። ደም የለም። ሰንደቅ ዓላማም የለም። ርዕስ የሚመስል ነገር አላየሁም። እኔ ሳየው ብቸኝነት ይሰማኛል። ጦርነት ያንገፈገፈው ሰው የሠራው ይመስለኛል። ባለቤቴ ግን "የወታደር ሥዕል እኮ ነው፣ ለማሞገስ የተሠራ ነው" ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አቦል

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ስሜቱ ከማውራታችን በፊት ግን ዳር ዳሩን እይው። በዚያ ዘመን የጃፓን ሕግ የሠዓሊውና የአሳታሚው ስምና አድራሻ፣ የታተመበትም ቀን እንዲጻፍ ያስገድድ ነበር። ብዙ ጊዜ በግራው ወረቀት የግራ ህዳግ ላይ ከላይ ወደ ታች በጥቃቅን ፊደል ይገኛል። አንዳንዴ ክፈፉ ስር ይደበቃል።

ዘመኑን የሚቆጥሩት በንጉሠ ነገሥቱ ስም ነው። የሜይጂ ዘመን ከሆነ በተጻፈው ቁጥር ላይ 1867 ደምሪ። ሜይጂ 27 ካለሽ 1894 ነው። ሜይጂ 37 ካለሽ 1904 ነው። ሁለቱም የጦርነት ዓመታት ናቸው። የመጀመሪያው ከቻይና ጋር፣ ሁለተኛው ከሩሲያ ጋር። ሁለቱም ጦርነቶች ክረምት አልፎባቸዋል። ስለዚህ በበረዶው ብቻ መለየት አንችልም።

የሸዋ ልጅ

እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ። መንግሥት ሲዋጋ ሠዓሊ የሚስለው መንግሥት የሚወደውን ነው።

ቅርጽ አውጪ

ሰላም። እኔ የህትመት ጥበብ ነው የተማርኩት፣ አዲስ አበባ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት። እንጨት ስቀርጽ ብዙ ዓመቴ ነው። ይህ ሥዕል ምን እንደሚል ለማወቅ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይረዳልና ትንሽ ልዘርዝር።

በመጀመሪያ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሠዓሊው በቀጭን ወረቀት ላይ ይነድፋል። ቀራጩ ንድፉን በግልባጩ የቼሪ እንጨት ላይ ይለጥፍና መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ፈልፍሎ ያወጣል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ እንጨት ይቀረጻል። አታሚው ቀለሙን በብሩሽ ይቀባል፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ጠንካራ ወረቀት ያስቀምጥበታል፣ ጀርባውን በእጁ እየፈተገ ያትማል። መጭመቂያ ማሽን የሚባል ነገር የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አሳታሚው አለ። ገንዘቡን የሚያወጣ፣ ርዕሰ ጉዳዩን የሚመርጥ፣ ምን እንደሚሸጥ የሚያውቅ እሱ ነው።

አሁን ወደ በረዶው ልምጣ። ያ በረዶ ቀለም አይደለም። ራሱ ወረቀቱ ነው። ቀራጩ በዚያ ቦታ ያለውን እንጨት በሙሉ አንስቶታል። ሌላው ሥዕል ላይ ቦታ የሚሞላው በመጨመር ነው፣ እዚህ ግን በመተው ነው። ሰማዩ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ የሚሳሳው ደግሞ አታሚው ከእያንዳንዱ ህትመት በፊት እንጨቱ ላይ ያለውን ቀለም በእርጥብ ነገር እየጠረገ ስለሚያሳሳው ነው። አንድ ሺህ ቅጂ ከታተመ አንድ ሺህ ጊዜ መጠረግ አለበት። ጎበዝ አታሚ የነካውን ሰማይ ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር እይልኝ። ወረቀቱን ከጎን በብርሃን ስታዪው በረዶው ላይ ያለ ቀለም የታተመ ጎድጓዳ ወይም ጉብ ያለ መስመር አለ? አንዳንድ አታሚዎች ቀለም ያልነካው እንጨት ላይ ወረቀቱን እየጫኑ የበረዶ ክምርን በቅርጽ ብቻ ያሳያሉ። የሚወርድ በረዶ ካለ ደግሞ ከባሕር ዛጎል የተፈጨ ነጭ ዱቄት ረጭተውበት ሊሆን ይችላል።

ስለ ቀዩም ልበል። ከ1860ዎቹ በኋላ ከአውሮፓ የመጣ የፋብሪካ ቀይ አለ። በጣም ይጮሃል። በዚያ ዘመን ርካሽ ሥራዎች ላይ ያለ ቁጥብነት ይደፋል። ባንቺ ሥዕል ላይ ቀዩ እሳቱን ለመጠቆም ብቻ ከዋለ፣ ከኋላው የሚያስብ ሰው ነበረ ማለት ነው።

የማለዳ ጤዛ (ጥያቄ አቅራቢ)

ጋሼ ቅርጽ አውጪ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከጎን በባትሪ አየሁት። አዎ፣ ከዘቦቹ እግር ስር ቀለም የሌለው ጉብታ አለ። ፊት ለፊት ሲታይ በጭራሽ አይታወቅም።

የግራው ህዳግ ላይም ጽሑፍ አለ። ጃፓንኛ የምታነብ የሥራ ባልደረባዬ በስልክ ፎቶ አይታው "ሜይጂ 28፣ ሁለተኛ ወር" ብላኛለች። ሠዓሊው የፈረመበት ቦታ በዕድሜ ብዛት ደብዝዟል፣ ማንበብ አልቻለችም።

የታሪክ ተማሪ

ሜይጂ 28፣ ሁለተኛ ወር ማለት ፌብሩዋሪ 1895 ነው። በእኛ 1887 ዓ.ም. ጥርና የካቲት ላይ። አድዋ የተደረገው ከዚህ አንድ ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ጦርነቱ ከቻይና ጋር የተደረገው ነው። ጃፓንና ቻይና ኮሪያን ማን ይቆጣጠራል በሚል ተጣሉ። ጦርነቱ በይፋ የታወጀው ኦገስት 1 ቀን 1894 ነው። ጃፓን በሴፕቴምበር ፒዮንግያንግን ያዘች። በዚያው ሳምንት ያሉ በሚባለው ወንዝ አፍ አጠገብ የቻይናን የባሕር ኃይል መታች። ኖቬምበር ላይ ፖርት አርተር የሚባለው የቻይና የወደብ ምሽግ ወደቀ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። በጃንዋሪ 1895 የጃፓን ጦር በሻንዶንግ ባሕረ ገብ ምድር ወርዶ በበረዶ ወደ ዌይሃይዌይ ተጓዘ። እዚያ የቻይና ሰሜናዊ መርከቦች ተጠልለው ነበር። በፌብሩዋሪ 12 እጃቸውን ሰጡ። አድሚራሉ ዲንግ ሩቻንግ ራሱን አጠፋ። ሌላው የጃፓን ጦር ደግሞ በዚያው ክረምት በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ማንቹሪያ ውስጥ ነበር። ያንቺ ወታደሮች ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ያሉ ናቸው። የሰላም ውሉ ሺሞኖሴኪ ላይ የተፈረመው ኤፕሪል 17 ነው።

አሁን ስለ ህትመቶቹ። ያ ጦርነት የቆየው ዘጠኝ ወር ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ወደ 3000 የሚጠጉ የተለያዩ የጦርነት ህትመቶች እንደወጡ ይገመታል። በቀን ወደ አስር ይጠጋል ማለት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ሰው በሱቅ በራፍ ተጋፍቶ አዲሱን ይጠብቅ ነበር። ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፍ በደንብ ማተም ገና አልተለመደም። ቴሌግራም ሲገባ አሳታሚው ሠዓሊውን ያስቸኩላል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሥዕሉ መንገድ ላይ ይሰቀላል። ከሠዓሊዎቹ ብዙዎቹ ጦር ሜዳውን በዓይናቸው አላዩም። እንደ ኩቦታ ቤይሰን ያሉ ለጋዜጣ ሊስሉ የሄዱ ነበሩ። አብዛኞቹ ግን ቶኪዮ ተቀምጠው የጋዜጣ ወሬ እያነበቡ ነው የሳሉት።

ስለዚህ ከባልሽ ጋር እስማማለሁ። ይህ የገበያ ዕቃ ነው። የተሸጠውም አገሩ በማሸነፉ ለሰከረ ሕዝብ ነው።

ናፍቆት

የታሪክ ተማሪ፣ ታሪኩን ስላስረዳኸን አመሰግናለሁ። ግን "የገበያ ዕቃ ነው" ብለህ ስትዘጋው ሥዕሉን ማየት አቆምክ።

የተቀሩትን 3000ውን አስባቸው። ብዙዎቹን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ጭስ፣ የተሳለ ጎራዴ፣ የሚፈነዳ መርከብ፣ የተጨፈለቀ ቻይናዊ። መኮንን እጁን ወደፊት ዘርግቶ ይጮሃል። የጤዛ ሥዕል ላይ ግን ማንም አይጮህም። ገዢው ጭስና ጎራዴ በሚወድበት ገበያ ላይ ይህን ያወጣ ሰው ሌላ የሚለው ነገር ነበረው።

እኔ አንድ ሠዓሊ ትዝ አለኝ። ኮባያሺ ኪዮቺካ። በ1847 ኤዶ ውስጥ ተወለደ፣ ያኔ ቶኪዮ ኤዶ ነበር የምትባለው። ቤተሰቡ የቶኩጋዋ ሾጉን፣ አገሩን የሚገዛው የጦር አለቃ፣ አገልጋዮች ነበሩ። በ1868 የንጉሠ ነገሥቱ ደጋፊዎች ሾጉኑን ሲገለብጡ ወጣቱ ኪዮቺካ በተሸናፊው ወገን ነበር። ጌታው ከኤዶ ሲባረር እሱም ተከትሎ ሄደ። ወደ ከተማው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ከ1876 እስከ 1881 የሳላቸው የቶኪዮ ህትመቶች የታወቁት በብርሃናቸው ነው። የጋዝ ፋኖስ፣ የርችት ነጸብራቅ በውሃ ላይ፣ በበረዶ ውስጥ የሚሄድ ሰው ጥላ። ሰዎቹ ብዙ ጊዜ ፊት የላቸውም፣ ጥቁር ቅርጽ ናቸው። ያው ሰው በ1894 እና 1895 ብዙ የጦርነት ህትመት ሠርቷል። ሌሊትና በረዶ፣ የመፈለጊያ መብራትና እሳት እሱ የሚወደው ነገር ነው።

ሥዕሉ የእሱ ነው አላልኩም። የእሱ ወይም ከእሱ የተማረ ሰው፣ ለምሳሌ እንደ ታጉቺ ቤይሳኩ ያለ፣ ሊሆን ይችላል። ግን እስቲ አስቡት። በወጣትነቱ በተሸነፈው ጦር ውስጥ የነበረ ሰው በረዶ ላይ የቆመ ዘብ ሲስል ዝም ብሎ የሚያሞግስ ይመስላችኋል?

የታሪክ ተማሪ

ናፍቆት፣ ስለ ኪዮቺካ የጻፍሽው ልክ ነው። ልብ የሚነካ ነገርም ነው። ግን ያው ኪዮቺካ በዚያው ጦርነት ጊዜ ቻይናውያንን የሚያላግጡ አስቂኝ ሥዕሎችም አውጥቷል። ጭካኔ ያለባቸው ናቸው። ሁለቱንም የሠራው አንድ እጅ ነው። ለወገኑ ወታደር የሚራራ ሰው ለጠላቱ ይራራል ማለት አይደለም።

ደግሞ ርኅራኄ ራሱ በዚያ ጦርነት የተመረጠ ርዕስ ነበር። ዌይሃይዌይ ላይ ካፒቴን ሂጉቺ የሚባል መኮንን በተኩስ መሀል የጠፋ ቻይናዊ ሕፃን አንስቶ ታቀፈ የሚል ወሬ ደረሰ። ሚጊታ ቶሺሂዴን ጨምሮ ሠዓሊዎች ሳሉት፣ ሕዝቡም ወደደው። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ፖርት አርተር ላይ የጃፓን ወታደሮች እጅ የሰጡትንና ሲቪሉን ገድለዋል። የኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጠኛ ጄምስ ክሪልማን ለዓለም ጽፎታል። ህትመቶቹ ላይ ግን ያን አታገኙትም። ሕፃኑን የታቀፈው መኮንን ተሳለ፣ ያ ሌላው ቀረ። ስለዚህ አንድ ህትመት ለስላሳ መሆኑ ብቻ ጦርነትን ይቃወማል አያሰኝም። እንዲያውም የበለጠ የሚያሳምነው ለስላሳው ነው።

አቦል

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ በረዶ ስናይ የሚሰማንና በ1895 የቶኪዮ ሰው የሚሰማው አንድ አይደለም።

በጃፓን ህትመት በረዶ የአየር ሁኔታ ዘገባ ሆኖ አያውቅም። ሠዓሊው ሂሮሺጌ በ1833 አካባቢ ከሠራቸው፣ ከኤዶ ወደ ኪዮቶ የሚወስደውን የቶካይዶ መንገድ ማረፊያ ጣቢያዎች ከሚያሳዩት ሥዕሎች አንዱ ካንባራ ነው። ሌሊት፣ ጥልቅ በረዶ፣ ጎንበስ ብለው የሚሄዱ ሦስት ሰዎች። በጣም ዝነኛ ነው። ካንባራ ግን ሞቃት የባሕር ዳር ቦታ ነው፣ እንዲህ ያለ በረዶ እዚያ ብርቅ ነው። ሠዓሊው በረዶውን ያመጣው ዝምታውን ፈልጎ ነው።

ሌላም አለ። ጃፓናውያን ልብ ውስጥ "የታጠቁ ሰዎች በበረዶ ውስጥ" ሲባል ወዲያው የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ። አርባ ሰባቱ ሳሙራዮች። ጌታቸው ራሱን እንዲገድል ተፈርዶበት ከሞተ በኋላ ተደብቀው ቆይተው በ1703 መጀመሪያ ላይ በክረምት ሌሊት የጠላታቸውን ቤት ወረሩ። በቲያትርም በህትመትም ያ ሌሊት ሁልጊዜ በረዶ ነው። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ሲሳል ኖሯል። ትርጉሙ ታማኝነት ነው፣ ለጌታ ሲባል ብርድና ሞትን መታገሥ። በ1895 ይህን ወረቀት የገዛ ሰው ሁለቱን ዘቦች ሲያይ ሳይታወቀው እነዚያን አርባ ሰባቱን አብሮ ያያል። ለእኛ ብቸኝነት የመሰለን ነገር ለሱ ታማኝነት ነው።

የሸዋ ልጅ

አቦል፣ ይህን አላውቅም ነበር። በጣም አመሰግናለሁ።

እኔም ስለ ፊት አንድ ነገር ልበል። የእኛን የድሮ የአድዋ ሥዕሎች አስታውሱ። የእኛ ሰዎች ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን። ጣሊያኖቹ ከጎን፣ አንድ ዓይን። ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣ ሕግ ነው፣ መልካሙ ሰው ሙሉ ፊቱ ይታያል። የጃፓን የጦርነት ህትመት ላይም ወገንና ጠላት የሚለይበት መንገድ አለ። የጃፓን ወታደሮች ጥቁር ዘመናዊ ዩኒፎርም፣ ቀጥ ያለ ቁመና፣ ነጣ ያለ ፊት፣ እንደ አውሮፓ መኮንን ጺም። ቻይናውያኑ ባለ ብዙ ቀለም ልብስ፣ የተንጨባረረ ሹሩባ፣ የተጣመመ ፊት። "እኛ ሠልጥነናል" የሚል መልእክት ነው።

እንግዲህ የጤዛ ሥዕል ላይ ሙሉ ፊት የለም። ዘቦቹ ጀርባ ናቸው፣ እሳት የከበቡት ከጎን ናቸው። ጠላት ስለሌለ መለየትም አላስፈለገም። ይህ ነው እኔን የገረመኝ። ከባሏ ጋር ነኝ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ጥያቄው ከሁለቱም ሰፋ ብሎ ታየኝ።

ቅርጽ አውጪ

ውይይቱን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጤዛ፣ ልጄ፣ "ርዕስ አላየሁም" ብለሻል። ደግሞም ሁለት ወረቀት ነው ብለሻል።

የዚያ ጦርነት ህትመቶች በብዛት የሚወጡት በሦስት ወረቀት ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ 37 በ75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የሚነበቡትም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ርዕሱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በስተቀኝ ነው የሚቀመጠው። የአሳታሚው ጽሑፍ በግራው ህዳግ ላይ ካለሽ የግራው ወረቀት እጅሽ ላይ ነው። ርዕስ ከሌለሽ ደግሞ የቀኙ የለሽም ማለት ነው። "የቀኙ ወረቀት" ያልሽው መሀለኛው ይመስለኛል።

ወረቀቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ሲወራረሱ፣ ሲሸጡ፣ አልበም ላይ ሲለጠፉ ይለያያሉ። የተለመደ ነው። የመሀለኛውን የቀኝ ጠርዝ እይልኝ። የክፈፉን ካርቶን አንስተሽ ከስሩ ያለውን ጭምር። ከዚያ የሚቀጥል ነገር አለ?

የማለዳ ጤዛ (ጥያቄ አቅራቢ)

ከፈትኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ካርቶኑ የቀኙን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ሸፍኖት ነበር። ከስሩ የፈረስ የኋላ እግርና ጭራ አለ። ፈረሱ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው ወይም ወደ ቀኝ ዞሮ የቆመው፣ ሌላው አካሉ ወረቀቱ ላይ የለም። ከበላዩ ቀጭን ቀጥ ያለ እንጨት ይታያል፣ የላይኛው ጫፉ ከወረቀቱ ይወጣል። በረዶው ላይ ደግሞ ብዙ የእግር ዱካ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ሌላም ነገር። እሳት ከከበቡት አንዱ አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሯል። እስከዛሬ ነፋሱን የሚሸሽ ነበር የሚመስለኝ። አሁን ሳየው አንድ ሰው እያየ ነው።

ናፍቆት

ይህ ሁሉንም ይለውጠዋል። ፈረስ ካለ መኮንን አለ። ያ እንጨት የጦር ወይም የሰንደቅ ዓላማ ዘንግ ሊሆን ይችላል።

ቢሆንም አንድ ነገር እላለሁ። የሦስት ወረቀት ህትመት የሚነድፉ ሠዓሊዎች እያንዳንዱ ወረቀት ብቻውን ቢታይም እንዲያምር ይጠነቀቁ ነበር። ግራው ላይ ያሉት ሁለት ዘቦች መኮንኑን አያዩትም። ጀርባቸውን ለእኛም ለእሱም ሰጥተዋል። ሠዓሊው ከሥዕሉ ሦስት እጅ አንዱን ለባዶ በረዶና ለሁለት ጀርባ ሰጥቷል። ይህ ምርጫ ነው፣ የቀኙ ወረቀት ቢገኝም አይጠፋም።

የታሪክ ተማሪ

እስማማለሁ፣ ምርጫ ነው። ግን ምርጫው ምን እንደሚሠራ እንይ። ስንት ወታደር ምን ሆኖ እንደሞተ ካወቅን ይገባናል።

በዚያ ጦርነት ጃፓን ያጣችው ሰው ወደ 13,000 ይገመታል። ከዚያ ውስጥ በጥይትና በመድፍ የሞተው ትንሹ ነው። አብዛኛው የሞተው በበሽታ ነው። ኮሌራ፣ ተቅማጥ፣ ደግሞ ቤሪቤሪ የሚባል በሽታ። ቤሪቤሪ የሚመጣው የተፈተገ ነጭ ሩዝ ብቻ ከመብላት ነው፣ ሰውነት ቫይታሚን ቢ1 ያጣል፣ እግር ያብጣል፣ ልብ ይደክማል። የባሕር ኃይሉ ሐኪም ታካጊ ካኔሂሮ በ1880ዎቹ የመርከበኞቹን ምግብ ለውጦ በሽታውን ከሞላ ጎደል አጥፍቶት ነበር። የምድር ጦሩ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። በሽታውን የሚያመጣው ጀርም ነው ብለው ነጭ ሩዛቸውን ቀጠሉ። በብርድ እግራቸው የተቆረጠም ብዙ ነበሩ።

ስለዚህ ያ እሳት የከበበው ወታደር የሚያሰጋው ትልቁ ነገር ቻይናዊው አልነበረም። ሩዙ፣ ውሃውና ብርዱ ነበር። ህትመቱ ብርዱን አሳይቶናል። ብርድ የክብር ጉዳይ ይሆናል፣ "ታገሡልን" ያሰኛል። ተቅማጥና ያበጠ እግር ግን ለክብር አይመችም፣ ስለዚህ አልተሳለም። በረዶው ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው። የእውነተኛው ሰፈር ሽታ የለበትም። እኔ ሥዕሉ ዋሸ የምለው እዚህ ላይ ነው።

የሸዋ ልጅ

ይህ ከባድ ነው። ሥዕሉ ውብ መሆኑን ሳይነካ የሚነግረንን ነገር ለወጠብኝ።

ቅርጽ አውጪ

የታሪክ ተማሪ ያለውን አልክድም። ግን እኔ ወደ ሁለቱ ጀርባ ልመለስ።

ፊቱን ያዞረልህን ሰው ታየዋለህ። ጀርባውን የሰጠህን ሰው ግን ከኋላው ትቆማለህ። እሱ የሚያየውን ታያለህ። ቶኪዮ ውስጥ ሞቅ ባለ ቤት ተቀምጦ ይህን ወረቀት የያዘ አባት፣ ምናልባት ልጁ እዚያው ማንቹሪያ ያለ፣ ከሁለቱ ዘቦች ኋላ ሦስተኛ ሆኖ ይቆማል። ጨለማውን አብሯቸው ይጠብቃል። አሳታሚው የፈለገውም ይህንኑ ነው፣ ምክንያቱም ይሸጣል። መንግሥትም ይወደዋል፣ ምክንያቱም አባትየው ልጁን ስለላከ አይቆጭም። ሠዓሊውም በእጁ ያለውን ምርጥ ነገር ሰጥቷል። የሦስቱ ፍላጎት አንድ ወረቀት ላይ ተገናኘ። ስለዚህ "ያዝናል ወይስ ያሞግሳል?" የሚለው ጥያቄ ላይ እኔ የምለው፣ ሐዘኑ እውነተኛ ነው፣ ሙገሳውም የቆመው በዚያው ሐዘን ላይ ነው። ሐዘኑን ብታወጡት የሚያሞግሰው ነገር አይቀርም። ጤዛ የተሰማት ብቸኝነት ተቀርጾ የገባ ነው። ባሏ ያየውም እንዲሁ።

ከአስር ዓመት በኋላ ከሩሲያ ጋር ሲዋጉ ይህ ሙያ ደክሞ ነበር። ፎቶግራፍ፣ ፖስት ካርድና የድንጋይ ህትመት ገበያውን ወስደውበታል። የጦርነት ህትመት ያኔም ታትሟል፣ እንደ 1895ቱ ግን አልተፈለገም። ያንን ሰማይ በእጁ ሺህ ጊዜ የሚጠርግ አታሚ እያነሰ ሄደ። ለእኔ ከወታደሮቹ እኩል የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ እንኳ አልተጻፈም።

የማለዳ ጤዛ (ጥያቄ አቅራቢ)

ይህን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሁለታችንም ዝም አልን። እኔ አሁንም ሳየው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ብቸኝነት ነው። ግን ለማን ተብሎ እንደተሠራ ስላወቅሁ ብቸኝነቱ ከበደኝ እንጂ አልቀለለኝም።

የቀኙን ወረቀት መፈለግ እፈልጋለሁ። ቢያንስ ምስሉን። ከየት ልጀምር?

አቦል

ከቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጀምሪ። በ2000 አንድ ባልና ሚስት ሰብሳቢዎች በጣም ትልቅ የሜይጂ ጦርነት ህትመት ስብስብ ሰጥተውታል። ድረ ገጹ ላይ ምስሎቹን ማየት ይቻላል። ቀጥሎ የዋሽንግተኑ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የጃፓን ብሔራዊ የፓርላማ ቤተ መጻሕፍት አሉ። ሁለቱም ብዙ ህትመት በዲጂታል አስቀምጠዋል።

በሠዓሊ ስም አትፈልጊ፣ ፊርማው አይነበብም። ባልደረባሽ የአሳታሚውን ስም ከህዳጉ ታንብብልሽና በአሳታሚውና በ1895 ፈልጊ። ከዚያ "በረዶ" እና "ሌሊት" ብለሽ አጥብቢው። ስታገኚ የፈረሱን ጭራ መስመር ካንቺ ጋር አስተያዪ። አንዳንድ ህትመት ኋላ ላይ በሌላ ቀለም በድጋሚ ታትሟል፣ መስመሩ ግን ከዚያው እንጨት ከሆነ ይገጥማል።

ቅርጽ አውጪ

እስከዚያ ግን መልሰሽ እዚያ ክፈፍ ውስጥ አትክተቺው። የድሮ ካርቶን አሲድ አለው፣ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። አሲድ የሌለው ካርቶን የክፈፍ ሱቅ ውስጥ ታገኛለሽ። ጠርዙን በቴፕ አትለጥፊ። የፀሐይ ብርሃን የሚመታው ግድግዳ ላይም አትስቀዪው፣ የእሳቱ ቀይ ቶሎ ይሄዳል። ካርቶኑ ሸፍኖት የቆየውን ጠርዝ ከሌላው ጋር አስተያዪና የፈረሱ ጭራ አጠገብ ያለው በረዶ ላይ ቀይ ጥላ ካለ ንገሪኝ። ካለ፣ በቀኙ ወረቀት ላይ ሌላ እሳት ሊኖር ይችላል።

የማለዳ ጤዛ (ጥያቄ አቅራቢ)

አለ። ከሚታየው ክፍል ይልቅ እዚያ ላይ ደመቅ ብሎ ይታያል። ባልደረባዬም የአሳታሚውን ስም ሰኞ ታነብልኛለች።